«ውሃ አትቅዱ» ያለው ሰው

በዚያ ዘመን በዚያች ትንሽ ከተማ ያደገ ሰው ያን ድምፅ ዛሬም ከብዙ ድምፅ መሃል ይለየዋል። መጀመሪያ ከሩቅ «ክርርርር» የሚል የድምፅ ማጉያ ፉጨት ይመጣል። ቀጥሎ ማይክራፎኑን በጣት ሲመቱት «ጠው፣ ጠው» ይላል። በመጨረሻም አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፦ «እህ-ህም!» ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም፤ ጉሮሮው ተጠርጎ ሳያበቃ ከተማው በሙሉ ባልዲውን ይዞ ቧንቧ ሥር ነበርና።

ጉሮሮው የማሳሰቢያ ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ተጽፎ ቀርቷል፤ ትንሽ ትልቁ የሚጠራው «ማሳሰቢያ» እያለ ነው፤ አክባሪ የሆነው ደግሞ «ጋሼ ማሳሰቢያ» ይለዋል። የውሃ ክፍል ሠራተኛ ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ውሃ ሊጠፋ ሲል፣ ጣራዋ ላይ ሁለት ቀንድ የመሰለ ድምፅ ማጉያ በተሸከመች አሮጌ ፒክአፕ ተቀምጦ ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር እየዞረ መንገር። ውሃም በዚያች ከተማ እንደ ቤተሰብ ነበር፤ መቼ እንደሚወጣ ይታወቃል፣ መቼ እንደሚመለስ ግን ማንም አይጠይቀውም።

ድምፁን ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ደረተ ሰፊ፣ ጺማም፣ ሲራመድ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ሰው ይመስላቸው ነበር። ሰውየው ግን ቀጭን ነው። ኮቱ ውስጥ ለሌላ ሰው የሚሆን ቦታ ይተርፋል። ማይክራፎን ሲይዝ የመስኮት መስተዋት የሚያርገበግበው ያ ድምፅ፣ ማይክራፎኑ ከእጁ ሲወጣ ከኮሌታው አያልፍም። ዳቦ ቤት ገብቶ ሁለት ዳቦ ሲጠይቅ «ምን አልክ?» ሳይባል ወጥቶ አያውቅም።

የሚኖረው ከአንዲት ጡረተኛ አዋላጅ ጓሮ፣ አንድ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ ነው። እማማ አዋላጇ የከተማውን እኩሌታ በእጃቸው ተቀብለዋል፤ እሱንም ጭምር።

«አንተ እኮ» ይሉታል፣ እሱ ሲሽኮረመም ባዩ ቁጥር፣ «ስትወለድም ዝም ነው ያልከው። በጥፊ ነው ያናገርኩህ። አሁንማ ያለ ባትሪ አትናገርም።»

እሳቸው ይህን የሚሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ማሳሰቢያ የሚወዳት ሴት ነበረችው፤ ይህንንም ከእሷ በቀር ሁሉም ያውቃል።

ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው መንገድ፣ በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ልብስ ማጠቢያ ቤት አለ። ከፊት ለፊቱ ካውያ ቤት፣ ከኋላው ሳፋዎችና አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ገንዳ ያለበት ግቢ። ባለቤቷ ባሏ የሞተባት፣ ክንዷ ጠንካራ፣ አነጋገሯ ፈጣን የሆነ ሴት ናት። አንድ ቀን ኮቱን ሊያሳጥብ ሄዶ፣ ቀና ብላ አየችውና «እጅጌው ረዝሞብዎታል፤ ላሳጥርልዎ?» አለችው። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ኮቱ ሳይቆሽሽ መታጠብ ጀመረ። ጥቁር የነበረው ቡናማ ሆነ፤ ቡናማ የነበረው ደግሞ ስም የሌለው ቀለም ያዘ። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ «ኮቴን…» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመረም።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነገርም ነበር። በትልቁ ከተማ የሚኖር ወንድም አላት። በየጊዜው ይደውልና «ውሃ በሌለበት አገር የውሃ ሥራ ይዘሽ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ እኔ ዘንድ ኑሪ» ይላታል። እሷም «አንድ ጊዜ ደግሞ ይጥፋብኝና እመጣለሁ» ትለዋለች። ውሃው ደግሞ ሁልጊዜ ልትሄድ ስትል ይመለሳል። ማሳሰቢያ ይህን ከሰማ ጀምሮ ማይክራፎኑን ባነሣ ቁጥር እሷን በገዛ አፉ ወደ መናኸሪያው የሚሸኛት ይመስለው ጀመር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ከምንጩ ወደ ኮረብታው ታንከር ውሃ የሚያወጣው ዋናው ቧንቧ መናኸሪያው በር ላይ ፈነዳ።

አስፋልቱ መጀመሪያ አበጠ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ውሃው እስከ መድኃኒት ቤቱ ጣራ ዘለለ። የከተማው ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ደስታ ነበር። ይህን ያህል ውሃ በአንድ ላይ ያየ ሰው አልነበረምና። የታክሲ ሾፌሮች መኪናቸውን ሊያሳጥቡ ተሰለፉ፤ ወረፋ ያበላሸም ተሰደበ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቆሙና በደቂቃ ስንት ባልዲ እንደሚፈስ ለማስላት ሞከሩ፤ ሦስት ጊዜ ተሳሳቱ፣ ምክንያቱም እየመጣ የሚያቋርጣቸው ሁሉ «ስንት ደረሰ?» ይላቸዋል። የአውቶቡስ ረዳቱ ደግሞ መንገደኞቹን አንድ በአንድ በጀርባው እያዘለ ያሳፍራል፤ ወፍራሞቹን «እርስዎ በሚቀጥለው አውቶቡስ» እያለ ያልፋል።

የውሃ ክፍል ኃላፊው በአዲስ ቦቲ ጫማ እየሮጠ ደረሰ። አንደኛው ቦቲ ጭቃው ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ትእዛዝ ሁሉ የሰጠው በአንድ እግሩ ቆሞ፣ የፒክአፗን ሾፌር ትከሻ ይዞ ነው።

«ማሳሰቢያ!»

«አቤት።»

«ምን አልክ?»

«አቤት አልኩ።»

«የምንጩን ውሃ አስዘግቻለሁ። ጥገናው ቀናት ይወስዳል። ያለን ውሃ ኮረብታው ላይ ታንከሩ ውስጥ የቀረው ብቻ ነው። ሰው ለመጠጥ ብቻ ከቀዳ ለጤና ጣቢያውም፣ ለዳቦ ቤቱም፣ ለሁሉም ያደርሰናል። ካጠራቀመ ግን አለቀልን። ሂድና አትቅዱ በላቸው። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ምን ትላለህ?»

«አትቅዱ።»

«ጎሽ!»

ማሳሰቢያ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት መኪና ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ «ይጠፋል» ሲል ኖሮ፣ ዛሬ ገና «እንዳይጠፋ» ሊል ነው። ልብስ ማጠቢያ ቤቷም ለጥቂት ቀን የሚበቃ ውሃ ታገኛለች፤ ወንድምየውም ለጊዜው ስልኩን ይዘጋል። ወረቀት ሳይዝ በልቡ ያማረ ንግግር አዘጋጀ። ሾፌሩ ማርሽ አስገባ። ድምፅ ማጉያው «ክርርርር» አለ። ማሳሰቢያም እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

መንገዱ ላይ ያለ በር ሁሉ ተከፈተ።

«ማሳሰቢያ! ማሳሰቢያ! ለከተማችን ነዋሪዎች በሙሉ! ዛሬ ውሃ አትቅዱ! አታጠራቅሙ!»

ከየግቢው የባልዲ ኳኳታ ተሰማ። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ጉንጩ የተላጨ፣ አንድ ጉንጩ አረፋ የሆነ ደንበኛውን ወንበር ላይ ጥሎ ወደ ጓሮ ሮጠ። ደንበኛውም በበኩሉ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ወደ ቤቱ ሮጠ።

«እነዚህ ሰዎች ምን እያደረጉ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«እየቀዱ ነው።»

«አንተ ምን እያልካቸው ነው?»

«አትቅዱ።»

«እንግዲያው ጮክ በላ!»

ጮክ አለ። ጮክ ባለ ቁጥር ሰዉ በረታ። ድምፁ እንዲህ ሲያይል ሰምተው ስለማያውቁ ውሃው ለወር የሚጠፋ መሰላቸው። አንዲት ሴት ጄሪካን በሁለት እጇ አንጠልጥላ መኪናዋ መስኮት ላይ ደረሰችና፣ እያለከለከች፣

«እግዜር ይስጥህ ጋሼ ማሳሰቢያ! አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር!» አለችው።

«እመቤት፣ እኔ እኮ አትቅዱ ነው ያልኩት» አላት፣ ማይክራፎኑን ዝቅ አድርጎ።

«አዎ፣ አዎ፣ ሰማሁ! በል ልሂድ፣ ሳይጠፋ!»

ጄሪካኑ ሞላ። ባልዲው፣ ድስቱ፣ ማንቆርቆሪያው፣ የሕፃን መታጠቢያው፣ የአበባ ማስቀመጫው ሞላ። ፎቶ አንሺው የፎቶ ማጠቢያ ሳህኖቹን ሞላ። አንድ ሰው ጃንጥላውን ገልብጦ ሲቀዳ ታይቷል ይባላል፤ ይህ እንኳ ሳይጋነን አልቀረም። ፒክአፗ ታች ሰፈር ሳትደርስ ኮረብታው ላይ ያለው ታንከር አንድ ጊዜ ጉሮሮው እንደ ታነቀ ሰው «ግርርር» ብሎ ደረቀ።

ኃላፊው ቢሮው ውስጥ አንድ እግሩን በቦቲ፣ አንድ እግሩን በካልሲ አድርጎ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ምን አልካቸው?»

«አትቅዱ።»

«ታዲያ ታንከሩ ለምን ደረቀ?»

ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ መሰከረ። «ጌታዬ፣ ብሏል። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ችግሩ የሰማሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።»

ኃላፊው ቁጭ አለ። ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «ውሃው አልጠፋም እኮ» አለ። «ታንከሩ በየቤቱ ተበትኖ ነው። ጤና ጣቢያው ደርቋል። በርሜል ጫኑና በየበሩ እየዞራችሁ ሰብስቡት። አንተ በእግርህ ትሄዳለህ፣ መኪናው ከኋላህ ይከተላል። ማይክራፎኑን እዚህ አስቀምጥ። ደግሞ ስማ፣ ጉሮሮህን እንዳትጠርግ!»

እንግዲህ ማሳሰቢያ ዕድሜውን በሙሉ በመኪና መስኮት ሲያያቸው የኖረውን በሮች ለመጀመሪያ ጊዜ አንኳኳ።

«ትርፍ ውሃ ካላችሁ… ለጤና ጣቢያው…»

«ምን አልክ?»

«ውሃ…»

«ውይ! ያ ድምፅ ያንተ ነው? እኔ እኮ ከሌላ አገር በሬዲዮ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር! ልጆች፣ ኑ እዩት፣ ማሳሰቢያ ይህ ነው!»

በየቤቱ እንደዚህ ሆነ። አንዳንዱ ከላይ እስከ ታች አይቶት ሳቀ፣ አንዳንዱ «በቃ ይህችን ነው የምታክለው?» አለው፤ ቢሆንም «ለበሽተኛ» ሲባል እምቢ ያለ ሰው አልነበረም። በርሜሎቹ ሲሞሉ ሾፌሩ ጤና ጣቢያ አድርሶ ተመለሰ። ለሌላ ዙር ሲወጡ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው መንገድ ደረሱ።

ሰማያዊው በር ክፍት ነበር። የሳሙናና የጋለ ጥጥ ሽታ ወደ ውጭ ይወጣል። ማሳሰቢያ ሊጠርገው የነበረውን ጉሮሮ ዋጠና ገባ።

«ትርፍ ውሃ ካለዎት…» አለ።

ልብስ አጣቢዋ አረፋ የያዙ እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች። «ከእኔ? ትርፍ ውሃ፣ ከእኔ?» እጅጌውን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችውና በርሜሏን በመዳፏ መታችው። ባዶ በርሜል እንደሚጮኸው ጮኸ።

«አልቀዱም እንዴ?» አላት።

«አትቅዱ ብለው የለም እንዴ!»

 ቃሉ ወደ ልቡ እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።

«ሰምተውኝ ነበር?»

«ለምን አልሰማም፣ ደንቆሮ ነኝ? መስኮቴን ከፍቼ ከ‹ማሳሰቢያ› ጀምሮ ‹ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን› እስከሚለው ድረስ ሰማሁ። ሁልጊዜም እሰማለሁ።»

ያ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር መኖሩን እሱ ራሱ ረስቶት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ለባዶ መንገድ ሲለው ኖሯል።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ! ሰው ሲናገር ሳይጨርስ መነሣት ደስ አይለኝም። ግን ምን ዋጋ አለው? ያልሰሙት ጎረቤቶቼ እስከ አፍ ገደፋቸው ሞልተዋል። እኔ ሞኟ፣ የሰማሁት፣ የሆቴሉን አንሶላ በሙሉ ዘፍዝፌ በሳሙና እንደ ጨቀየሁ ቁጭ ብያለሁ። ሳይለቀለቅ ካደረ ቢጫ ነው የሚሆነው።» እጇን አራገፈች፤ አረፋው ኮቱ ላይ አረፈ። «በቃኝ። ለወንድሜ ደውያለሁ። ቅዳሜ የጭነት መኪና ይልክልኛል።»

ደስታና ሐዘን በአንድ በር በአንድ ጊዜ ሲገቡበት፣ የማሳሰቢያ ፊት የትኛውን እንደሚያስተናግድ ጠፋው። አፉን ከፈተ። ከአፉም የወጣው፣

«ኮቴን…» የሚል ነበር።

«ለብሰውታል እኮ» አለችው።

ወደ መንገድ ሲወጣ ሾፌሩ ፊቱን አይቶ ሞተሩን አስነሣ። ማሳሰቢያ ቀጥ ብሎ መጀመሪያ ውሃ ወደ ሰጠው ቤት፣ ወደ እማማ አዋላጇ ተመለሰ። የሚገርመው፣ በዚህ ጊዜ ድምፁ ያለ ማይክራፎን ከደጅ እስከ ውስጥ ተሰማ።

«እማማ፣ ሌላ ውሃ እፈልጋለሁ።»

«ሰጠሁህ አይደል? ለማን ነው ደግሞ?»

«ለ… ለሕዝብ ጥቅም።»

አሮጊቷ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ለሕዝብ ጥቅም ከሆነ አንድ ጆግ እሰጥሃለሁ። ለልብስ አጣቢዋ ከሆነ ግን ባልዲው ያውልህ፤ ያ ሳፋም፣ ያ ድስትም።»

ማሳሰቢያ መሬት መሬት እያየ፣ «ድስቱንም ልውሰደው» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የእማማ አዋላጇ ሥራ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና ያዋለዷቸውን ልጆች ሁሉ በየቤታቸው ጎበኟቸው። ለእያንዳንዱም ያው ጥያቄ ቀረበ፦ «እኔ ስቀበልህ እጄን አሳጥቤሃለሁ?» ትርጉሙ ምን እንደሆነ ማንም አልገባውም፤ ግን ማንም አልተከራከረም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰማያዊው በር የሚሄድ ሰልፍ ታየ። ፀጉር አስተካካዩ በባልዲ፣ ፎቶ አንሺው በሳህኖቹ፣ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር በአበባ ማስቀመጫ፣ ያም አንድ ጉንጩ የተላጨ ሰው በማንቆርቆሪያ ውሃ ይዘው መጡ። ልብስ አጣቢዋ በሩ ላይ ቆማ እያንዳንዱን «ማን ላከህ?» ትላለች፤ እያንዳንዱም «ማሳሰቢያ» ይላል። ትልቁ ገንዳ ሞላ። አንሶላዎቹ ተለቀለቁ፣ ተጨመቁ፣ በግቢው ገመድ ላይ በነፋስ ተነፉ። እሷ ግን የጭነት መኪናውን አልሰረዘችም።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው መጣ። ቧንቧው ገና አልተጠገነም፤ ኃላፊው ከሐሙስ ጀምሮ «ነገ» እያለ ነው። አልጋዋ ተጫነ፣ ወንበሮቿ ተጫኑ፣ በመጨረሻም ትልቁ የቆርቆሮ ገንዳ በአራት ሰው ትከሻ ወጥቶ ከላይ ተገልብጦ ተቀመጠ። የቀረው የሆቴሉን አንሶላ ተኩሶና አጣጥፎ ማስረከብ ብቻ ነበር። መንገዱ ላይ ያ ሁሉ ሰው ሥራ ያለው መስሎ ቆሟል። ፀጉር አስተካካዩ የጠረገውን ደጃፍ ደግሞ ይጠርጋል። ሾፌሩ የፒክአፗን ሞተር ከፍቶ የማያውቀውን ነገር ያያል። እማማ አዋላጇ ማሳሰቢያን በጀርባው ገፋ አድርገው፣

«ግባ እንጂ! አሁንም በጥፊ ልበልህ?» አሉት።

ገባ። ካውያ ቤቱ ባዶ ስለነበር ሰፍቷል። እሷ እጅጌዋን ሰብስባ፣ አንድ ትልቅ አንሶላ ብቻዋን ልታጥፍ ትታገላለች።

«መጡ? ይህን ጫፍ ይያዙልኝ እስቲ» አለችው።

ያዘ። አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ሆኖ ነው፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ሄደው ይወጥሩታል፣ ከዚያ ወደ መሃል ይገናኛሉ። ተገናኙ። ጫፎቹን ከእጁ ተቀብላ አጠፈች፣ ሌላ አነሣች።

«ለ…» አለ ማሳሰቢያ። «ለከተማችን ነዋሪዎች በሙሉ…»

«እኔ አንዲት ሴት ነኝ» አለች፣ አንሶላውን እየወጠረች።

ላብ አጠመቀው። ደግመው ተገናኙ፤ ደግመው ተለያዩ። ሦስተኛው አንሶላ ላይ፣ በመሃላቸው ያለው ነጭ ጨርቅ ፊቱን በከፊል ሲሸፍንለት፣ ቃሉ መጣለት።

«እኔ ስናገር ሰው ይሸሻል» አለ። «እርስዎ ግን ይሰማሉ። ይህን ረቡዕ ዕለት ነው ያወቅሁት። ቧንቧው ነገ ይሠራል የሚሉት ውሸት ነው። ሲሠራም ውሃው ደግሞ መጥፋቱ አይቀርም፤ መጥቼ የምነግርዎትም እኔው ራሴ ነኝ። ስለዚህ ውሃ አለ ብዬ ልዋሽዎ አልመጣሁም። ግን በጠፋ ቁጥር እየዞርኩ አመጣልዎታለሁ፤ በባልዲም ይሁን በጆግ። አይሂዱ። ባገባዎት… ባገባዎት ደስ ይለኛል። ሌላ የምለው የለኝም።»

እሷም አንሶላውን እንደ ወጠረች፣ ሳትነቃነቅ፣ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከጨረሰ በኋላም ምናልባት የቀረ ነገር ካለ ብላ ጥቂት ጠበቀች። የቀረ አልነበረም።

ውጭ የጭነት መኪናው ጥሩንባ ጮኸ። «እመቤት! እንሂድ እንጂ፣ ፀሐይ በረታ!» አለ የጭነቱ ሾፌር።

ልብስ አጣቢዋ ወደ ማሳሰቢያ ተራመደች። የያዘቻቸውን ሁለት ጫፎች እሱ ከያዛቸው ሁለት ጫፎች ጋር አገናኘችና አንሶላውን በሙሉ ክንዱ ላይ ጣለችው።

«ያዝ» አለችው። «መሬት እንዳይነካብኝ።»

ከዚያም በቤት ነጠላ ጫማዋ፣ እጅጌዋ እንደ ተሰበሰበ፣ «አንተ ሰውዬ! ያን ገንዳ መልሰህ አውርደው! ቀስ ብለህ ታዲያ፣ ጠርዙ እንዳይጎብጥ!» እያለች፣ እሱን ደህና ሁንም ደህና ዋልም ሳትለው፣ በሩን ወለል አድርጋ ወጣች።